የአእምሮ ሕመም ያለበት ልጃችን ሲከሰስ፦ የትኛው የፍርድ ቤት በር ይከፈትለታል?

ዛሬ በየቤታችን በሹክሹክታ ብቻ ስለሚነሳ አንድ ጉዳይ ልናጫውታችሁ እንወዳለን።

አንድ ቀን ጠዋት አንዲት እናት በፌስታል ሙሉ ደብዳቤ ይዘው ወደምንሠራበት ቢሮ መጡ። ደብዳቤዎቹ ሁሉ በዕብራይስጥ የተጻፉ ናቸው፤ አብዛኞቹ ፖስታዎች ጭራሽ አልተከፈቱም። ከመካከላቸው የ26 ዓመት ልጃቸው የተከሰሰበት የክስ ወረቀት (ክታቭ ኢሹም) ነበር። ልጁ በአውቶቡስ ማቆሚያ መስታወት ሰብሯል፣ ሊያረጋጋው የመጣውንም የጥበቃ ሠራተኛ ገፍትሮ ጥሏል ይላል። ለፍርድ ቤቱ ቀጠሮ የቀረው ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። ከፌስታሉ ሥር ደግሞ በአራት የታጠፈ ሌላ ወረቀት አገኘን። ልጁ ከሦስት ዓመት በፊት ከአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሲወጣ የተሰጠው የመውጫ ደብዳቤ ነው። «ይህን ጠበቃው አይቶታል ወይ?» ብለን ጠየቅናቸው። «ኧረ ወዲያ! እንኳን ጠበቃው፣ እህቱም አላየችው» አሉን።

እኛ በማኅበራዊ ሥራ የተሰማራን ሰዎች እንዲህ ያለውን ፌስታል ደጋግመን አይተናል። ማንነታቸው እንዳይታወቅ በታሪካቸው ውስጥ አንዳንድ ነገር ቀይረናል፤ የገጠማቸው ችግር ግን የብዙዎቻችን ነው። በዚህ ጽሑፍ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው በወንጀል ሲከሰስ በእስራኤል አገር ምን ምን መንገዶች እንዳሉት፣ ለእያንዳንዱም ማን ብቁ እንደሆነ በተቻለን መጠን ግልጽ አድርገን እናቀርባለን።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን የሚነግሩን ፍርድ ቤት

አንዳንዶቻችን አሜሪካ ካሉ ዘመዶቻችን «እዚያ ለአእምሮ ሕሙማን የተለየ ፍርድ ቤት አለ» ሲባል ሰምተናል። እውነት ነው። ከነዚህ ፍርድ ቤቶች በስፋት የሚታወቀውና ለሌሎቹ አርአያ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1997 በፍሎሪዳ ግዛት፣ በብራዋርድ ካውንቲ የተከፈተው ነው። ዳኛዋ ጂንጀር ለርነር-ሬን ነበሩ። ዛሬ በመላው አሜሪካ በመቶዎች የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ችሎቶች ይገኛሉ።

አሠራሩ በአጭሩ ይህን ይመስላል። ተከሳሹ ወደ እስር ቤት በመሄድ ፈንታ ሕክምናውን እየተከታተለ በየጊዜው ወደ ዳኛው ይመጣል። ዳኛውም መድኃኒቱን ይወስድ እንደሆነ፣ የት እንደሚያድር፣ ሥራ አግኝቶ እንደሆነ ይጠይቀዋል። ነገር ግን የታመመ ሁሉ አይገባበትም። መሥፈርቱ ከቦታ ቦታ ቢለያይም በጥቅሉ አምስት ነገሮች ይታያሉ፦ በሐኪም የተረጋገጠ ሕመም መኖሩ፣ የወንጀሉ ዓይነት፣ ሕመሙ ከወንጀሉ ጋር ያለው ግንኙነት፣ ተከሳሹ የችሎቱን ነገር መረዳት መቻሉ፣ እንዲሁም በፈቃዱ መግባቱ።

በእስራኤል አገር ወደዚህ የሚቀርበው የማኅበረሰብ ፍርድ ቤት (ቤት ሚሽፓት ክሂላቲ) ነው። የመጀመሪያው በቤር ሼባ በ2014 መጨረሻ ላይ ሥራ ጀመረ። በማቋቋሙ ሥራ ሁላችንም የምናውቀው ጆይንት ከመንግሥት ጋር ተባብሮ ነበር። ቀጥሎ በራምላ፣ ከዚያም በሌሎች አካባቢዎች ተከፈተ። ይህ ችሎት ለአእምሮ ሕሙማን ብቻ የቆመ አይደለም። ወደ ወንጀል የገፋው ችግር ሱስም ይሁን ድህነት፣ የቤተሰብ ችግርም ይሁን የአእምሮ ሕመም፣ ያን ችግር ከሥሩ ለማከም የተዘጋጀ ነው። ወደ እሱ ከመድረሳችን በፊት ግን መልስ የሚፈልጉ ሁለት ጥያቄዎች አሉ።

አንደኛው ጥያቄ፦ ዛሬ ለፍርድ መቅረብ ይችላል ወይ?

ይህ ጥያቄ የሚመለከተው የዛሬውን ሁኔታ ነው። ተከሳሹ በምን እንደተከሰሰ ይገባዋል ወይ? ዳኛው፣ ዓቃቤ ሕጉና ጠበቃው ማን ማን እንደሆኑ ይለያል ወይ? ከጠበቃው ጋር ተነጋግሮ ራሱን መከላከል ይችላል ወይ? ይህን ካልቻለ «ለፍርድ ለመቅረብ ብቁ አይደለም» ይባልና ክሱ ይቋረጣል። ሲሻለው ግን ክሱ እንደገና ሊቀጥል ይችላል። ድርጊቱን አልፈጸመም የሚል ጠበቃ ካለ ደግሞ ክሱ እንዲሰማና ነፃ እንዲባል የመጠየቅ መብት በሕግ ተሰጥቶታል።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ያን ጊዜ የሚያደርገውን ያውቅ ነበር ወይ?

ይህኛው ወደ ኋላ ተመልሶ ድርጊቱ የተፈጸመበትን ሰዓት ይመለከታል። የ1977ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እንደሚለው፣ አንድ ሰው በዚያች ሰዓት በአእምሮ ሕመም ምክንያት የሚያደርገውን ነገር ወይም የነገሩን ክፋት የመረዳት፣ ወይም ከድርጊቱ ራሱን የመግታት እውነተኛ ችሎታ ካልነበረው በወንጀል ተጠያቂ አይሆንም።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይሳሳታል። «ሐኪም ስኪዞፍሬኒያ አለበት ብሎ ጽፏል፤ ስለዚህ ነፃ ነው» ይላሉ። የሕመሙ ስም ብቻውን ነፃ አያወጣም። ሕመሙ በዚያች ሰዓት በልጁ ላይ ምን አደረገ? የሚለው ነው የሚመረመረው። መድኃኒቱን እየወሰደ ተረጋግቶ የነበረ ሰው ሱቅ ገብቶ ቢሰርቅ፣ ሕመም ስላለበት ብቻ ተጠያቂነቱ አይቀርለትም።

ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው ይፈራሉ። «እብድ ነው ከተባለ ዕድሜውን ሙሉ ይዘጉበታል» ይላሉ። ይህም ትክክል አይደለም። በ1991 በወጣው የአእምሮ ሕሙማን ሕክምና ሕግ መሠረት፣ ተከሳሹ ብቁ ካልሆነ ወይም በሕመሙ ምክንያት ተጠያቂ ካልሆነና ዛሬም ሕመሙ ካለበት፣ ፍርድ ቤቱ ሁለት ምርጫ አለው፦ በሆስፒታል ተኝቶ እንዲታከም ወይም ከቤቱ እየተመላለሰ በክሊኒክ እንዲታከም ማዘዝ። ትእዛዙ የጊዜ ጣሪያ አለው፤ በሕጉ ለዚያ ወንጀል ከተቀመጠው ከፍተኛ የእስራት ዘመን ማለፍ አይችልም። የዕድሜ ልክ እስራት በሚያስቀጣ ወንጀል ጣሪያው 25 ዓመት ነው። በዚህ መካከል ደግሞ የሥነ አእምሮ ኮሚቴ (ቫዓዳ ፕሲኪያትሪት) የሚባል፣ የሕግ ባለሙያና የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ያሉበት አካል ቢያንስ በየስድስት ወሩ ጉዳዩን ያያል። ልጁ ሲሻለው የሚለቀው ይህ ኮሚቴ ነው።

ያም ሆኖ አንድ ነገር ልብ እንበል። በሕግ የተቀመጠው ከፍተኛ ቅጣትና ዳኛ በተግባር የሚፈርደው ቅጣት እኩል አይደሉም። በቀላል ወንጀል አጭር እስራት ወይም ጭራሽ እስራት የሌለበት ቅጣት ሊፈረድበት የሚችል ሰው፣ በሕክምና ትእዛዝ ብዙ ወራት ሆስፒታል ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ «ታሟል በሉልን» ማለት ሁልጊዜ የተሻለው መንገድ ላይሆን ይችላል። ይህን ከጠበቃው ጋር ቁጭ ብሎ መመዘን ይገባል።

ለሁለቱም ጥያቄዎች መልስ እንዲሰጥ ፍርድ ቤቱ የሥነ አእምሮ ምርመራ ያዛል። ጠበቃው፣ ዓቃቤ ሕጉ ወይም ዳኛው ራሱ ምርመራውን ሊያነሳው ይችላል። ነገር ግን ያልተነገረውን ማን ያነሳዋል? የእኚያ እናት ልጅ በመጀመሪያው ቀጠሮ አንገቱን ደፍቶ ለተጠየቀው ሁሉ «አዎ» ሲል ነበር የዋለው። ለዳኛው የታየው ጨዋና ዝምተኛ ወጣት ነው። ሌሊት ሌሊት ብቻውን ሲያወራ የሚሰሙት እናቱ ብቻ ናቸው።

ሁለቱንም ላለፈው፦ የማኅበረሰብ ፍርድ ቤት

የጠበቃው ጥያቄ ተሰምቶ ልጁ ተመረመረ። ሐኪሙ ለፍርድ ለመቅረብ ብቁ ነው፣ በዚያም ሰዓት የሚያደርገውን ያውቅ ነበር ሲል ጻፈ። እናትየው አለቀሱ። «ታሟል እያላችሁ ደግሞ ወንጀለኛ ነው ትላላችሁ?» አሉን። ብዙው የአእምሮ ሕመም ያለበት ተከሳሽ ግን በዚሁ መካከል የሚገኝ ነው፤ ታማሚም ነው፣ ተጠያቂም ነው። የማኅበረሰብ ፍርድ ቤት ሊረዳ የሚችለው እንዲህ ያለውን ሰው ነው። ብቁነቱ የሚታየውም እንደሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ፣ ተከሳሹ አዋቂ መሆን አለበት። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጉዳዩ የሚታየው በወጣቶች ፍርድ ቤት ነው። ሁለተኛ፣ የማኅበረሰብ ፍርድ ቤት የሚሠራው በሻሎም ፍርድ ቤት ውስጥ ነው። ሻሎም ፍርድ ቤት የሚያያቸው ወንጀሎች በአብዛኛው ቅጣታቸው እስከ 7 ዓመት እስራት የሚደርስ ነው፤ እንደ ግድያ ያለ ክስ ወደዚያ አይሄድም። ሦስተኛ፣ ችሎቱ በዋናነት የታሰበው ክሱ ወደ እስር ቤት ሊያደርሳቸው ለሚችል ሰዎች ነው። አራተኛ፣ የፈተና አገልግሎት (ሼሩት ሚቭሓን) የሚባለው የደኅንነት ሚኒስቴር ክፍል ሰውየውን አነጋግሮ፣ በሕክምናና በእርዳታ ሊለወጥ ይችላል ወይ የሚለውን አጥንቶ አስተያየቱን ያቀርባል። አምስተኛና ዋነኛው፣ ተከሳሹ በፈቃዱ መግባትና ድርጊቱን ማመን አለበት።

ከዚህ የምንረዳው ነገር አለ። ለፍርድ ለመቅረብ ብቁ ያልሆነ ሰው እዚህ ሊገባ አይችልም፤ ያልገባውን ነገር ሊያምንም ሊፈቅድም አይችልምና። አላደረግሁም የሚል፣ ማስረጃም ያለው ሰው ደግሞ እስር ፈርቶ ብቻ ማመን የለበትም። እንዲህ ያለው ሰው ክሱን በመደበኛው ችሎት ቢከራከር ይሻለዋል።

ከገባ በኋላ ዳኛው፣ ዓቃቤ ሕጉ፣ ጠበቃውና የፈተና አገልግሎት ሠራተኛው እንደተለመደው ተፋጥጠው ሳይሆን በአንድነት ተቀምጠው ፕሮግራም ያወጡለታል። ሕክምና፣ ሥራ፣ የዕዳ አከፋፈል፣ ለማኅበረሰቡ የሚሰጥ አገልግሎት ሁሉ በፕሮግራሙ ሊካተት ይችላል። ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ተከሳሹ በየጊዜው ወደ ዳኛው ይመለሳል። በሚገባ የጨረሰ ሰው ከእስር ይልቅ ቀለል ያለ ፍርድ ያገኛል። ያቋረጠ ግን ወደ መደበኛው ቅጣት ይመለሳል፤ ያን ጊዜ የሰጠው የእምነት ቃል አብሮት እንደሚቆም ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

የእኚያ እናት ልጅ መጀመሪያ እንቢ አለ። «እኔ እብድ አይደለሁም፣ ሕክምናም አልሻም» ብሎ በሩን ዘጋ። ማንም ሊያስገድደው አይችልም፤ ፈቃዱ ካልሆነ መንገዱ ይዘጋል። በኋላ ያነጋገሩት አጎቱ ናቸው። ስለ ሕመም አንድም ቃል ሳያነሱ «ልጄ፣ ሌሊት መተኛት አትፈልግም ወይ?» አሉት። በዚህ ተጀመረ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሁለት ጊዜ ቀጠሮ አልፎታል። ዳኛዋ ለምን ብለው ሲጠይቁት መድኃኒቱ ጠዋት ጠዋት እንደሚያፈዘው ተናገረ። ቀጠሮው ወደ ከሰዓት ተዛወረለት። ይህን ስንጽፍ ፕሮግራሙን ገና አልጨረሰም።

በአካባቢው የማኅበረሰብ ፍርድ ቤት የሌለ ወይም መሥፈርቱን ያላሟላ ተከሳሽስ? በመደበኛው ችሎትም ቢሆን ጠበቃው ከፍርድ በፊት የፈተና አገልግሎት ጽሑፍ (ታስኪር) እንዲቀርብ መጠየቅ ይችላል። ዳኛው ሕመሙንና የጀመረውን ሕክምና አይቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። ባዶ እጅ ከመቅረብ ይልቅ ሕክምና ጀምሮ መቅረብ ብዙ ይረዳል።

ቤተሰብ ምን ማድረግ ይችላል?

1. ለጠበቃው ንገሩ። ተከሳሹ የአእምሮ ሕመም እንዳለበት የሚያስጠረጥር ነገር ካለ፣ ያለ ጠበቃ እንዳይቀርብ ሕጉ ፍርድ ቤቱን ጠበቃ እንዲሾምለት ያስገድዳል። የሚሾመውም በሕዝብ ተከላካይ ቢሮ (ሳኔጎሪያ ጺቡሪት) በኩል ነው። ጠበቃው ምስጢር ጠባቂ ስለሆነ የነገራችሁትን ወደ ሰፈር አያወጣም። ሆኖም ጠበቃው የልጁ ጠበቃ እንጂ የእናንተ እንዳልሆነ አትርሱ። ልጁ አዋቂ ከሆነ የመጨረሻው ውሳኔ የእሱ ነው።

2. ወረቀቶቹን ሰብስቡ። የሆስፒታል መውጫ ደብዳቤ፣ የመድኃኒት ዝርዝር፣ የብሔራዊ ኢንሹራንስ (ቢቱዋሕ ለኡሚ) ውሳኔዎች ሁሉ ይጠቅማሉ። የጠፋ ካለ ከኩፓት ሖሊም ወይም ከሆስፒታሉ ማስወጣት ይቻላል። ለአዋቂ ልጅ ግን ወላጅ ሊፈርምለት አይችልም፤ ልጁ ራሱ የምስጢር መተው ወረቀት (ቪቱር ዓል ሶዲዩት) መፈረም አለበት። በፍርድ ቤት የተሾመ አሳዳሪ (አፖትሮፖስ) ካለው ነገሩ ይለያል።

3. ለፖሊስም ንገሩ። ልጁ ሲያዝ ወይም ለምርመራ ሲጠራ ሕመም እንዳለበት አስታውቁ። በ2005 የወጣ ሕግ የአእምሮ ወይም የመረዳት ችግር ያለባቸው ሰዎች በከባድ ጉዳዮች ሲመረመሩ ልዩ መርማሪ እንዲመድብ፣ ሲመሰክሩም ሁኔታው እንዲመቻችላቸው ይፈቅዳል። የታሰረም ከሆነ በእስር ቤት ፈንታ በሆስፒታል እንዲቆይ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይቻላል።

4. አስተርጓሚ ጠይቁ። ዕብራይስጥ የማያውቅ ተከሳሽ በፍርድ ቤት አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው። በሐኪሙም ዘንድ ቢሆን ታናሽ ወንድም ወይም እህት እንዲያስተረጉሙ አታድርጉ፤ ልጆች አፍረው ይቀንሳሉ ወይም ፈርተው ይጨምራሉ። በተቻለ መጠን የባህላችን አገናኝ ባለሙያ (መጋሸር) ይኑር። አንድ ሽማግሌ «ዛር አለብኝ» ቢሉ እኛ የምንረዳውና ሐኪሙ የሚረዳው ላይገናኝ ይችላል። የባህል ንግግርን ሕመም ነው ብሎ የሚጽፍ ሐኪም ሊኖር ይችላል፤ እውነተኛውን ሕመም «ባህላቸው ነው» ብሎ የሚያልፍም እንዲሁ።

5. የመልሶ ማቋቋም መብቱን ጠይቁ። በ2000 በወጣው ሕግ መሠረት ዕድሜው 18 የሞላና በአእምሮ ሕመም ምክንያት ቢያንስ 40 በመቶ የአካል ጉዳት መጠን የተወሰነለት ሰው «ሳል ሺኩም» ለሚባለው እርዳታ ማመልከት ይችላል። የመኖሪያ፣ የሥራ፣ የትምህርትና የአጃቢ እርዳታ ይገኝበታል። ለዳኛ «የሚኖርበትና የሚውልበት ቦታ አለው» ብሎ ማሳየት ትልቅ ነገር ነው።

6. ወደ ክስ ከመድረሱ በፊት ተንቀሳቀሱ። ከሐምሌ 2015 ጀምሮ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጠው በኩፓት ሖሊም በኩል ስለሆነ እንደማንኛውም ሕመም ቀጠሮ መያዝ ይቻላል። ልጁ ለራሱ ወይም ለሌላው አደጋ ሊያደርስ ይችላል የሚል ስጋት ካላችሁና ሕክምናን እንቢ ካለ፣ ወደ ወረዳው የሥነ አእምሮ ሐኪም (ፕሲኪያተር ሜሖዚ) ማመልከት ትችላላችሁ። በግዳጅ እንዲመረመር ወይም እንዲተኛ የማዘዝ ሥልጣን ያለው እሱ ነው።

ስለ ማፈር ጥቂት ቃል

እነዚህን እናቶች አንወቅስም። በአገራችን ሳለን እንዲህ ያለ ሕመም «ዓይነ ጥላ ነው፣ የሰው ዓይን ነው» ይባል ነበር። ቤተሰቡ ሁሉ ስሙ ይነሳል፣ እህቱን የሚያገባት ይጠፋል ተብሎ ይፈራል። እዚህ አገር ደግሞ ልጆቻችን በፖሊስ ፊት የሚገጥማቸውን ስለምናውቅ «በላዩ ላይ እብድ ይባል?» ብለን ሌላ መጋረጃ እንጨምራለን። ነገር ግን አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለዋል። በፍርድ ቤት ደግሞ ከመድኃኒቱ ሌላ የሚቀር ነገር አለ፤ ከላይ የዘረዘርናቸው ጥያቄዎች ሁሉ የሚጀምሩት አንድ ሰው «ይህ ልጅ ታሟል» ብሎ ወረቀቱን ሲያቀርብ ነው። ወረቀቱ ከፌስታሉ ሥር ከቀረ፣ ዳኛው የሚፈርደው በሚያየው ብቻ ነው።

እኚያ እናት ዛሬ ወረቀቶቹን በሰማያዊ ክላሰር አስተካክለው ይይዛሉ። በየቀጠሮው ከልጃቸው ጋር ይሄዳሉ፣ በስተኋላ ይቀመጣሉ። ትልቋ ልጃቸውም ነገሩን አውቃለች፤ ዕብራይስጡን የምታነብላቸው አሁን እሷ ናት።

እዚህ የጻፍነው አጠቃላይ ማብራሪያ እንጂ የጠበቃን ምክር የሚተካ አይደለም፤ የእያንዳንዱ ሰው ጉዳይ የየራሱ መልክ አለው። በቤታችሁ ያልተከፈተ ፖስታ ካለ ግን ዛሬውኑ ክፈቱት፤ ማንበብ ካልቻላችሁ ወደ ቅርባችሁ የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ ይዛችሁ ኑ። ቀጠሮ ካለፈ በኋላ ከመምጣት ሳምንት ሲቀረው መምጣት ይሻላል።

ፈጣሪ ለታመሙት ምሕረትን፣ ለቤተሰቦቻቸው ብርታትን ይስጥልን። ሰላም ሁኑ።